የመጀመሪያው ጊታር፦ ናይሎን፣ ብረት ወይስ ኤሌክትሪክ?

ጊታር የጀመርኩት በውሰት ነው። የብረት ክር ያለው፣ ሳጥኑ ትልቅ የሆነ ቦክስ ጊታር ነበር። ሦስት ወር ሙሉ በየማታው ታገልኩት። ኢ ማይነር የሚባለው ኮርድ (አብረው የሚመቱ ድምፆች ስብስብ) ወጣልኝ። ሲ ኮርድም በስንት መከራ ወጣ። ኤፍ ላይ ስደርስ ግን ነገር ቆመ። አመልካች ጣቴን አጋድሜ ክሮቹን ስጫን ሁለቱ ይሰማሉ፣ ሌሎቹ ታፍነው ይቀራሉ። የኔ ጣት ለዚህ አልተፈጠረም ብዬ ልተወው ደርሼ ነበር።

አንድ ቀን የሙዚቃ መሣሪያ የሚጠግን ሰው ጊታሩን አየው። ብዙ አልተናገረም። ማስመሪያ አወጣና 12ኛው ፍሬት (አንገቱ ላይ በአግድም ከተተከሉት የብረት ዘንጎች አንዱ) ላይ ለካ። ወፍራሙ ክር ከፍሬቱ ከ4 ሚሊሜትር በላይ ከፍ ብሏል። ለብረት ክር ደግሞ 2.5 ሚሊሜትር አካባቢ ይበቃል። ሳጥኑ ፊት ላይ ክሮቹ የሚታሰሩበት ብሪጅ ላይ የተሰካችውን፣ ክሮቹ የሚያርፉባትን ነጭ ሳድል አውጥቶ ከሥሯ ሞረዳት። አንገቱ ላይኛው ጫፍ ላይ ክሮቹ የሚያልፉበትን ነትም ቦዮቹን ትንሽ ጠለቅ አደረጋቸው። ያን ዕለት ማታ ኤፍ ወጣ። ጣቶቼ ያው የትናንቶቹ ነበሩ።

ስለ መጀመሪያ ጊታር ሲወራ ሰው ቶሎ ወደ ዓይነትና ወደ ስም ይሮጣል። አንዱ ክላሲክ ይላል፣ ሌላው አኮስቲክ፣ ሦስተኛው ኤሌክትሪክ። ዓይነቱ ለውጥ ያመጣል፤ ከታች በሰፊው እሄድበታለሁ። ግን ብዙ ጀማሪ ከጊታር ጋር የሚጣላው መሣሪያው ስላልተስተካከለ ነው። በትክክል የተስተካከለ ማንኛውም ዓይነት፣ ካልተስተካከለ ምርጥ ከሚባል ዓይነት ይበልጣል። ይህን በልባችሁ ያዙና ወደ ንጽጽሩ እንግባ።

መጀመሪያ ጆሯችሁን ጠይቁ

ጊታር ልማር ያላችሁበትን ቀን አስታውሱ። ምን እየሰማችሁ ነበር? አንድ ሰው ኮርድ እየመታ ሲዘፍን? አንድ ሰው ብቻውን በጣቶቹ ዜማውንም ቤዙንም አብሮ ሲያወጣ? ወይስ ክሩን እየጎተተ ድምፁን እንደ ሰው ሲያስለቅሰው? የመጀመሪያው ወደ ብረት ክር አኮስቲክ ይወስዳችኋል። ሁለተኛው ወደ ናይሎን። ሦስተኛው ወደ ኤሌክትሪክ።

ይህ ጥያቄ የሚቀድመው ለምን መሰላችሁ? ሦስቱም ጊታሮች የሚቃኙት አንድ ዓይነት ነው። ከወፍራሙ ክር ወደ ቀጭኑ ኢ፣ ኤ፣ ዲ፣ ጂ፣ ቢ፣ ኢ ነው። ወፍራሙ ኢ 82.4 ኸርዝ (በሴኮንድ የሚርገበገበው ብዛት) ላይ፣ ቀጭኑ 329.6 ኸርዝ ላይ ይጮኻል። መካከላቸው ሁለት ኦክታቭ አለ፤ ያው ኖታ በሁለት ደረጃ ከፍ ብሎ ማለት ነው። በአንዱ የተማራችሁት ኮርድ በሌላው ላይ በዚያው ቦታ ይገኛል። ዛሬ የመረጣችሁት ነገ አያስራችሁም። ስለዚህ የምትወዱትን ድምፅ ትታችሁ የማትወዱትን የምትመርጡበት በቂ ምክንያት የለም።

ናይሎን፦ ለጣት ለስላሳ፣ ለእጅ ሰፊ

ክላሲክ ጊታር የሚባለው የናይሎን ክር ያለው ነው። ድሮ ክሩ ከእንስሳ አንጀት ይሠራ ነበር። ናይሎን ቦታውን የያዘው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው። የጊታሩ ቅርጽና መጠን ግን ከዚያ ይቀድማል። እ.ኤ.አ. ከ1817 እስከ 1892 የኖረው ስፔናዊው ጊታር ሠሪ አንቶኒዮ ዴ ቶሬስ ያስያዘው መልክ ነው እስከ ዛሬ የምናየው። ከነት እስከ ሳድል ያለው የክር ርዝመት በአብዛኛው 650 ሚሊሜትር ነው።

ናይሎን ጣት አያሳምምም ሲባል ትሰማላችሁ። ያማል፣ ግን ያንሳል። ምክንያቱ ሁለት ነው። የናይሎኑ ቀጭን ክር ውፍረቱ 0.7 ሚሊሜትር ያህል ነው። የብረቱ ቀጭን ክር 0.3 ሚሊሜትር ነው። ቀጭን ነገር ሲጫኑት እንደ ሽቦ ሥጋ ውስጥ ይገባል፤ ወፍራሙ ጫናውን ሰፋ አድርጎ ያሳርፈዋል። ሁለተኛው ውጥረቱ ነው። ስድስቱ የናይሎን ክሮች አንድ ላይ ጊታሩን የሚስቡት በ40 ኪሎ ገደማ ነው። የአኮስቲኩ የብረት ክሮች ከ70 ኪሎ በላይ ይስባሉ።

አንገቱ ሰፊ ነው። ነቱ ጋ 52 ሚሊሜትር ያህል ይሰፋል። ይህ ለአንዳንዱ ሰው በረከት ነው። ጣታችሁ ወፍራም ከሆነ፣ አንዱን ክር ስትጫኑ ጎረቤቱን አትነኩም። ለትንሽ እጅ ግን ሰፊ አንገት ሌላ ድካም ያመጣል። አመልካች ጣትን አጋድሞ ሁሉንም ክር መያዝ እዚህ ረዘም ያለ መንገድ አለው። ደግሞ ክላሲክ ጊታር አንገት ፊት ላይ ብዙውን ጊዜ የቦታ ምልክት ነጥብ የለም። ጀማሪ 5ኛና 7ኛ ፍሬትን ሲፈልግ ይጠፋዋል።

ድምፁ ሞቅ ያለና ለስለስ ያለ ነው። በጣት ለመደርደር ከዚህ የተሻለ የለም። በፒክ (ክር መምቻ ትንሽ ቁራጭ) ኮርድ ለመምታት ግን ድምፁ ደብዘዝ ይላል፤ ያ ጥርት ያለ ፍጭት አይወጣም።

ሁለት ነገር ከወዲሁ እወቁ። አዲስ የናይሎን ክር ለቀናት ይለጠጣል። ዛሬ ቃኝታችሁት ነገ ወርዶ ታገኙታላችሁ። ጊታሩ ተበላሽቷል ብላችሁ አትደንግጡ፤ ሳምንት ያህል ስትቃኙት ይረጋጋል። ሁለተኛው ትልቅ ማስጠንቀቂያ ነው፦ በናይሎን ጊታር ላይ የብረት ክር በፍጹም አትግጠሙ። ውስጡ ያን ያህል ጉተታ እንዲችል አልተሠራም። ብሪጁ ሊነቀል፣ ፊቱ ሊያብጥ፣ አንገቱ ሊጎብጥ ይችላል።

ብረት፦ ለሚዘፍን ሰው

ብዙዎቻችን ቦክስ ጊታር ወይም አኮስቲክ ስንል በሐሳባችን የሚመጣው ይህ ነው። ድምፁ ብሩህና ጎላ ያለ ነው። ኮርድ እየመታችሁ ስትዘፍኑ ምቱንም ሙላቱንም ይሰጣችኋል። ሌላ ዕቃ አይጠይቅም። ከግድግዳ ታወርዱታላችሁ፣ ትቃኛላችሁ፣ ትጀምራላችሁ።

አንገቱ ጠበብ ይላል፤ ነቱ ጋ 43 ወይም 44 ሚሊሜትር ነው። ጣት የሚጫንበት የአንገቱ ፊት በመጠኑ የጎበጠ ስለሆነ ለተጋደመ ጣት ይመቻል። ሳጥኑ ከአንገቱ ጋር በአብዛኛው የሚገናኘው 14ኛው ፍሬት ላይ ነው፤ በክላሲክ ግን 12ኛው ላይ ነው። ስለዚህ በብረቱ ላይ ወደ ላይኛው ኖታ እጅ በቀላሉ ይደርሳል።

ዋጋው ግን በጣት ጫፍ ይከፈላል። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ይቆረቁራል። ሦስት አራት ሳምንት በየቀኑ ከተለማመዳችሁ የጣት ጫፍ ቆዳ ይጠነክርና ሕመሙ ይረሳል። ሁለት ሳምንት ካረፋችሁ ደግሞ ተመልሶ ይለሰልሳል። ክር ስትገዙ ከቀጫጭኖቹ ጀምሩ። ማሸጊያው ላይ የቀጭኑ ክር ቁጥር 11 ወይም 10 የሚል ፈልጉ። ከ12 ጋር ሲነጻጸር እጅ ላይ ልዩነቱ ወዲያው ይታወቃል፤ ትንሽ የድምፅ ሙላት ግን ይቀንሳል።

የሳጥኑን መጠን ሰው ችላ ይለዋል። በብዛት የምታዩት ትልቁ ድሬድኖት የሚባል ቅርጽ ነው። እ.ኤ.አ. በ1916 ማርቲን የተባለው ጊታር ሠሪ ያወጣው ነው፤ ስሙም የተወሰደው ከጦር መርከብ ነው። ታችኛው ወገቡ 40 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሰፋል። ረጅም ክንድ ላለው ይመቻል። ለአጭር ሰው ግን ቀኝ ትከሻን ወደ ላይ ገፍቶ ያደክማል። አነስ ያለ ሳጥን ያለው ጊታር ቁጭ ብላችሁ ስትይዙ ደረታችሁ ላይ ተስማምቶ ይቀመጣል። በድምፅ ያጣችሁትን በመቆየት ታካክሱታላችሁ፤ ያልደከመ ትከሻ ረዘም ላለ ጊዜ ይለማመዳልና።

ኤሌክትሪክ፦ ከሚታማው በላይ ቀላል

ስለዚህኛው ብዙ ስህተት ይወራል። ከባድ ነው፣ ለኋላ ነው፣ መጀመሪያ በሌላው እጅህን ፍታ ይባላል። እውነቱ ተቃራኒ ነው። ለግራ እጅ ከሦስቱ ቀላሉ ኤሌክትሪክ ነው። የተለመደው ቀጭን ክር 0.23 ወይም 0.25 ሚሊሜትር ብቻ ነው። ክሩ ከፍሬቱ የሚርቀው 2 ሚሊሜትር ወይም ከዚያ በታች ነው። በትንሽ ግፊት ኖታው ይወጣል። አንገቱም ጠባብ ነው፣ ወደ 42 ሚሊሜትር።

አሠራሩን ማወቅ ለምርጫ ይረዳል። ከክሮቹ ሥር ማግኔትና በማግኔቱ ላይ የተጠመጠመ ቀጭን ሽቦ አለ። ፒክአፕ ይባላል። የብረቱ ክር ሲርገበገብ የማግኔቱን መስክ ያንቀሳቅሰዋል፣ ሽቦው ውስጥ ደካማ ኤሌክትሪክ ይፈጠራል፣ አምፕሊፋየሩ ያጎላዋል። ለዚህ ነው ኤሌክትሪክ ጊታር ላይ ናይሎን ክር ብትገጥሙ ፒክአፑ ምንም የማይሰማው።

ይህ ሁሉ የመጣው ጊታር ስለማይሰማ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹና በ1930ዎቹ በትልልቅ የጃዝ ባንዶች ውስጥ መለከትና ሳክስፎን ጊታሩን ውጠውት ነበር። በ1930ዎቹ መጀመሪያ የመጀመሪያዎቹ ኤሌክትሪክ ጊታሮች ለገበያ ወጡ። ፌንደር የተባለው ጊታር ሠሪ ስትራቶካስተር የሚባለውን ጊታር ያወጣው በ1954 ነው፤ ሌላው ጊታር ሠሪ ጊብሰን ሌስ ፖል የሚባለውን ያወጣው በ1952 ነው። ዛሬ ለጀማሪ የሚቀርቡት አብዛኞቹ ኤሌክትሪክ ጊታሮች ከእነዚህ ሁለቱ የአንዱን መልክ የተከተሉ ናቸው። ስኳየር የፌንደር፣ ኤፒፎን የጊብሰን አነስ ባለ ዋጋ የሚቀርቡ ስሞች ናቸው።

ከሁለቱ የቱ? የስትራቶካስተር የክር ርዝመት 648 ሚሊሜትር ነው፤ የሌስ ፖል 628 ሚሊሜትር ያህል ነው። አጠር ሲል ፍሬቶቹ ይቀራረባሉ፣ ክሩም ይላላል። ትንሽ እጅ ይህን ይወደዋል። በሌላ በኩል ሌስ ፖል ከበድ ይላል፤ ቆሞ ለሚጫወት ትከሻ ላይ ይታወቃል። ስትራቶካስተር ጠርዙ ለሰውነት ተስማምቶ የተሞረደ ስለሆነ ሲይዙት ይመቻል። ለመጀመሪያ ጊታር ክር መጎተቻ ዘንግ የሌለው፣ ብሪጁ የተተከለ ቢሆን እመርጣለሁ። ተንሳፋፊ ብሪጅ ያለው ጊታር ላይ አንድ ክር ስትቃኙ ሌሎቹ ይናጋሉ፤ ለጀማሪ ትዕግሥት ይፈጃል።

ድካሙ ሌላ ቦታ ነው። አምፕሊፋየር፣ ኬብል፣ ሶኬት ይፈልጋል። ወጪው ይጨምራል፣ ለመጀመር የሚወስደው ጊዜም ይጨምራል። ሌላው ፈተና ድምፅ ማፈን ነው። ሳትፈልጉ የነካችሁት ክር ሁሉ በአምፕሊፋየር ይጎላል። ስለዚህ የማትመቱትን ክር በመዳፍና በጣት ዝም ማሰኘት ከመጀመሪያው መልመድ አለባችሁ።

ሆኖም አንድ ትልቅ ጥቅም አለው። በጆሮ ማዳመጫ በእኩለ ሌሊት መለማመድ ይቻላል። ግድግዳው ስስ በሆነ ቤት የምትኖሩ፣ ሕፃን የተኛበት ቤት የምትኖሩ፣ ይህ ብቻውን ውሳኔውን ሊወስን ይችላል። አምፕሊፋየሩ ትንሽ ይሁን፤ ለክፍል ውስጥ 10 ዋት ይተርፋል። የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ ያለው መሆኑን ብቻ አረጋግጡ። ሳትሰኩት በባዶው አትለማመዱ። ስለማይሰማችሁ ክሩን በኃይል መምታት ትለምዳላችሁ፣ ያን ልማድ መተው ደግሞ ወራት ይወስዳል።

"መጀመሪያ በከባዱ ጀምር" የሚለው ምክር

ይህን ምክር የሚሰጡ ሰዎች ቅን ናቸው። ጣትህ ይጠንክር፣ ከዚያ ሁሉም ይቀልሃል ይላሉ። አልስማማም። እጅ የሚፈታው በብዛት በመጫወት ነው። በብዛት የምትጫወቱት ደግሞ ደስ ሲላችሁ ነው። ጥንካሬው በማንኛውም ጊታር ላይ በራሱ ጊዜ ይመጣል። ከኤሌክትሪክ ወደ አኮስቲክ የሚሻገር ሰው ለጥቂት ሳምንት ጣቱን ያመዋል፣ ከዚያ ይለምደዋል። በማይወደው ጊታር ጀምሮ ያቆመ ሰው ግን የሚሻገርበት የለውም።

ከመክፈላችሁ በፊት የሚደረግ ምርመራ

እዚህ ጋ ቀስ ብላችሁ አንብቡ። አዲስም ይሁን ያገለገለ፣ ያለ ምንም ችሎታ ልታዩዋቸው የምትችሏቸው ነገሮች አሉ። ትንሽ ማስመሪያና ስልካችሁ ላይ የተጫነ ቲዩነር (የቅኝት መለኪያ) ይዛችሁ ሂዱ።

መጀመሪያ የክሩ ከፍታ። 12ኛው ፍሬት ላይ ከፍሬቱ አናት እስከ ወፍራሙ ክር ሥር ለኩ። ናይሎን 4 ሚሊሜትር አካባቢ፣ ብረት ክር አኮስቲክ 2.5 አካባቢ፣ ኤሌክትሪክ 2 አካባቢ ከሆነ ደህና ነው። ቀጭኑ ክር ጋ ከዚህ ትንሽ ያንሳል። ከፍ ካለ ጊታሩን አትጣሉት፤ ብዙ ጊዜ ሳድል በመሞረድ ይስተካከላል። ግን ሳድሉን እዩት። ከብሪጁ ላይ ብቅ ያለው ክፍል ከወዲሁ ስስ ከሆነ፣ የሚሞረድ ነገር የለም። ያ ጊታር አንገቱ ከሳጥኑ ጋር ያለው ማዕዘን ተበላሽቷል ማለት ነው። ተውት።

ቀጥሎ ነቱ። ይህን ብዙ ሰው አያየውም፣ የኔንም ኤፍ የያዘው በከፊል እሱ ነበር። አንዱን ክር 3ኛው ፍሬት ጋ ተጫኑና 1ኛው ፍሬት ላይ ያለውን ክፍተት ተመልከቱ። የፀጉር ያህል ስስ መሆን አለበት። ሰፊ ከሆነ ነቱ ከፍ ብሏል፤ አንገቱ መጀመሪያ ላይ የሚያዙ ኮርዶች ሁሉ ያለ ጥፋታችሁ ይከብዷችኋል። ካፖ (ክሮቹን ሁሉ አንገቱ ላይ የሚጫን መቆንጠጫ) ካላችሁ ሌላም መንገድ አለ። 1ኛው ፍሬት ላይ እሰሩትና ተጫወቱ። ጊታሩ ድንገት ከቀለለ ችግሩ ነቱ ነው።

ከዚያ አንገቱ። አንዱን ክር 1ኛውና 14ኛው ፍሬት ላይ በአንድ ጊዜ ተጫኑ። ክሩ ራሱ ቀጥ ያለ ማስመሪያ ይሆንላችኋል። መሃል ላይ፣ 7ኛው ፍሬት አካባቢ፣ ወረቀት የሚያሾልክ ክፍተት ብቻ መታየት አለበት። የብረት ክር ጊታሮች አንገት ውስጥ ትራስ ሮድ የሚባል ማስተካከያ ዘንግ አለ፤ ትንሽ ጉብጠት በእሱ ይቃናል። አብዛኛው ክላሲክ ጊታር ይህ ዘንግ የለውም። ስለዚህ የጎበጠ የናይሎን ጊታር አንገት ከባድ ችግር ነው።

ቅኝቱን ደግሞ እንዲህ ፈትኑ። ክሩን ባዶውን በትክክል ቃኙት። ከዚያ 12ኛው ፍሬት ላይ ተጭናችሁ ምቱ። ቲዩነሩ ያንኑ ኖታ በትክክል ማሳየት አለበት። በግልጽ ከወጣ ከወረደ፣ ኮርዶቻችሁ ምን ቢቃኙ አይስማሙም። ኤሌክትሪክ ላይ ብሪጁ ላይ ባሉት ብሎኖች ይስተካከላል። አኮስቲክ ላይ ማስተካከሉ ይከብዳል።

በመጨረሻ እያንዳንዱን ክር በእያንዳንዱ ፍሬት አንድ በአንድ አሰሙት። ዝዝ የሚል ወይም የሚታፈን ኖታ ካለ የት እንደሆነ ልብ በሉ። እጃችሁን በአንገቱ ጠርዝ አሂዱ፤ የፍሬቱ ጫፍ ሊቆርጣችሁ አይገባም። ከብሪጁ ሥር ወረቀት ከገባ ብሪጁ መነቀል ጀምሯል።

ስለ እንጨቱ ብዙ አልልም። ፊቱ አንድ ወጥ እንጨት የሆነ ጊታር ድምፁ ይበልጣል። በድምፅ ቀዳዳው ጠርዝ ላይ የእንጨቱ መስመር ከላይ ወደ ታች ሳይቋረጥ ካለፈ ወጥ ነው፤ ንብርብር ከታየ የተጣበቀ ነው። ለመጀመሪያ ጊታር ግን የተጣበቀው አያሳፍርም። የአየር ድርቀትን በተሻለ ይችላል። ወጥ እንጨት ከ45 እስከ 55 በመቶ የአየር እርጥበት ይፈልጋል፣ ካልሆነ ሊሰነጠቅ ይችላል።

ትንሽ እጅ፣ ትንሽ ልጅ፣ ግራኝ

ለልጅ ሙሉ መጠን ጊታር አትግዙ። ሦስት አራተኛ የሚባለው የክር ርዝመቱ 580 ሚሊሜትር ገደማ ሲሆን ከ8 እስከ 11 ዓመት ላሉ ልጆች ብዙ ጊዜ ይሆናል። ግማሽ የሚባለው ከዚያ ለሚያንሱት ነው። ከዕድሜ ይልቅ በክንድ መለካት ይሻላል። ልጁ ቁጭ ብሎ ጊታሩን ሲይዝ፣ ግራ እጁ 1ኛው ፍሬት ጋ ሲደርስ ክርኑ መታጠፍ አለበት። ክንዱ ተወጥሮ ቀጥ ካለ ጊታሩ ትልቅ ነው። ለልጅ ናይሎን ብሰጥ እመርጣለሁ። የልጅ ጣት ቆዳ ስስ ነው፣ ትዕግሥቱም አጭር ነው።

እጃቸው ትንሽ የሆነ አዋቂዎች ብዙ ይጨነቃሉ። አብዛኛው ጭንቀት አያስፈልግም። ጣት የማይደርሰው ብዙ ጊዜ አውራ ጣት ከአንገቱ ላይ ስለወጣ ነው። አውራ ጣትን ወደ አንገቱ ጀርባ መሃል አውርዱትና ሌሎቹ ጣቶች ምን ያህል እንደሚረዝሙ እዩ።

ግራኝ ከሆናችሁ ሁለት ምርጫ አላችሁ፣ ሁለቱም ተፈትነዋል። ጊታር ተጫዋቹ ጂሚ ሄንድሪክስ የቀኝ እጅ ጊታር ገልብጦ ክሩን ለግራኝ አሰርቶ ተጫውቷል። ሌላው ጊታር ተጫዋች ማርክ ኖፕፍለር ደግሞ ግራኝ ሆኖ እንደ ቀኝ ተጫዋች ይጫወታል። ጊታር ሳትይዙ በአየር ላይ የምትጫወቱ አስመስሉ። እጃችሁ ሳያስብ የሚወስደውን አቅጣጫ እመኑት። የግራኝ ጊታር ምርጫው ጠባብ መሆኑን፣ የሰው ጊታር ተቀብሎ መጫወትም እንደሚያስቸግር አስቡበት። ሁለቱም ከተመቻችሁ እንደ ቀኝ ጀምሩ።

ከማን ልማር?

መምህር፣ ቪዲዮ ወይስ የስልክ መተግበሪያ? ሦስቱንም ሞክሬያለሁ። የሚሰጡት የተለያየ ነው።

መተግበሪያ በማይክሮፎን ይሰማችኋል። ኖታው ትክክል መሆኑን፣ በሰዓቱ መመታቱን ይነግራችኋል። በየቀኑ እንድትቀመጡ ይገፋፋል። ግን አያያችሁም። አንጓችሁ ተጣሞ ኖታው ትክክል ከወጣ፣ ጎበዝ ይላችኋል። ቪዲዮ ሰፊ ነው። የፈለጋችሁትን ሁሉ ታገኛላችሁ፣ ደጋግማችሁ ታያላችሁ፣ ፍጥነቱን ትቀንሳላችሁ። ችግሩ ብዛቱ ነው። ዛሬ ከአንዱ፣ ነገ ከሌላው ስትቀምሱ ዓመት ያልፋል፣ የጨረሳችሁት ነገር የለም። ቪዲዮ ከመረጣችሁ አንድ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የተደራጀ ትምህርት ምረጡና እሱን ሳትጨርሱ ወደ ሌላ አትሂዱ።

መምህር ትከሻችሁን ያያል። ትንፋሻችሁን ይዛችሁ እንደምትጫወቱ ያያል። ክሩን ከሚያስፈልገው በላይ እንደምትጫኑ ከጣታችሁ መንጣት ያውቃል። ይህን ሌላው አይሰጣችሁም። አቅም ካላችሁ የመጀመሪያዎቹን አራት አምስት ትምህርቶች ከሰው ተማሩ። መጥፎ ልማድ የሚገባው በእነዚያ ሳምንታት ነው። ከዚያ በራሳችሁ ቀጥሉና በወር አንድ ጊዜ ተመልሳችሁ ታዩ። ለናይሎንና ለክላሲክ አጨዋወት ግን መምህር ቢዘልቅ ይሻላል። የቀኝ እጅ ጣቶች አመታት፣ የጥፍር አያያዝ፣ አቀማመጥ፣ እነዚህን ከስክሪን መማር ይከብዳል።

የልምምድ ጊዜን በተመለከተ በቀን 20 ደቂቃ በሳምንት አንድ ቀን ከሚደረግ የሁለት ሰዓት ትግል ይበልጣል። ጣት ያርፋል፣ አእምሮም በእንቅልፍ የተማረውን ያስቀምጣል። ኮርድ መቀያየር ከከበዳችሁ ሁለት ኮርድ ብቻ ምረጡ፣ ኢ ማይነርና ዲ በሉ። ለአንድ ደቂቃ ቀያይሩና ስንት ጊዜ እንደቀየራችሁ ቁጠሩ። ጻፉት። በነጋታው ድገሙት። ቁጥሩ ሲያድግ ማየት የሚሰጠው ደስታ ትንሽ አይደለም።

ታብ ወይስ ኖታ?

ታብ የጊታር ዜማ የሚጻፍበት መንገድ ነው፤ ስድስት መስመር አለው፣ እያንዳንዱ መስመር አንድ ክር። ቁጥሩ የቱን ፍሬት እንደምትጫኑ ይነግራል። በአንድ ምሽት ይለመዳል። አቋራጭ ነው ብለው የሚንቁት አሉ፤ ግን አዲስ ፈጠራ አይደለም። የጊታር ዘመድ ለሆነው ለሉት የተጻፈ ታብ እ.ኤ.አ. በ1507 ቬኒስ ውስጥ ታትሟል። ድክመቱ ተራው ታብ ኖታው ለምን ያህል ጊዜ እንደሚቆይ አለመናገሩ ነው። የማታውቁትን ዜማ ከታብ ብቻ ማውጣት አትችሉም።

ኖታ፣ የተለመደው የሙዚቃ አጻጻፍ፣ ድምፁንም ጊዜውንም ይይዛል። መማሩ ወራት ይወስዳል። ክላሲክ ለመጫወት ካሰባችሁ ከመጀመሪያው ጀምሩት። ለመዝፈንና ኮርድ ለመምታት ከሆነ ታብና የኮርድ ሥዕል ይበቃችኋል፤ ምቱን ግን በእግራችሁ እየመታችሁ ጮክ ብላችሁ ቁጠሩ።

ቲዩነርም አንድ ቃል ይገባዋል። የስልኩ በማይክሮፎን ስለሚሰማ ጸጥታ ይፈልጋል። አንገቱ ጫፍ ላይ የሚቆነጠጠው ንዝረቱን ከእንጨቱ ስለሚወስድ ጫጫታ ውስጥም ይሠራል። ርካሽ ነው፣ ያዙት። ያልተቃኘ ጊታር ላይ የሚለማመድ ጆሮ የተሳሳተውን ድምፅ ትክክል ነው ብሎ ይይዘዋል።

ሁለት ጊታር እጃችሁ ላይ ሲቀር

ምርመራውን ያለፉ ሁለት ጊታሮች ቀርተው ካልቆረጣችሁ፣ ሌላ ሰው ሁለቱንም እንዲመታላችሁ ጠይቁ። ጀርባችሁን ስጡት፣ የትኛው የቱ እንደሆነ አይንገራችሁ። ያው ኮርድ፣ ያው ምት። የወደዳችሁትን በጆሯችሁ ምረጡ። ከዚያ ሁለቱንም በየተራ ጭናችሁ ላይ አስቀምጡና ለአምስት ደቂቃ ብቻ ያዙ። 1ኛው ፍሬት ላይ በአንድ ጣት አንድ ክር ተጫኑ። በቀላሉ ጥርት ብሎ ከወጣላችሁ፣ ትከሻችሁም ዘና ካለ፣ እሱን ይዛችሁ ሂዱ። ቤት ስትደርሱ ከቦርሳው አውጡት። ፀሐይና ማሞቂያ የማያገኘው፣ እጃችሁ ግን በቀላሉ የሚደርስበት ቦታ ላይ አቁሙት።